ጀልባው፣ ቅቤውና የእኔ ስም

በጎባና በሮቤ ቀለም ሲነሳ የእኔ ስም አብሮ ካልተነሳ ወሬው ጎደሎ ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። መኩራት የጀመርኩት ገና በልጅነቴ ስለሆነ ዛሬ ለአዲስ ኩራት የተረፈ ቦታ የለኝም።

ቀለም መቀባት ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ብሩሽ የሠራሁት ከአጎቴ ፈረስ ጭራ ነው፤ ፈረሱም አጎቴም ይቅርታ ሳያደርጉልኝ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የሱቅ በር፣ የሻይ ቤት ማስታወቂያ፣ የጭነት መኪና ካቢና፣ የጋሪ ጎማ፣ ምኑ ቅጡ። አንድ ጊዜ ከአንድ ጣሳ በወጣ አረንጓዴ የቤተ ክርስቲያን አጥርና የመስጊድ መስኮት በአንድ ሳምንት ቀብቼ ከሁለቱም ወገን ተመርቄአለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ጀልባ ግን ቀብቼ አላውቅም ነበር። ደፍሬ እውነቱን ልናገርና፣ አይቼም አላውቅም ነበር። እኛ ደገኞች ነን። ውሃ የምናውቀው በእንስራ፣ በጉምና በጭቃ መልክ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከደሎ መና ወዲያ፣ ገናሌ ወንዝ ድልድይ በሌለበት በኩል፣ ማዶ የሚኖሩ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ከዓለም ይቆረጡ ነበር። የገበሬ ማኅበራቸው ስንት ጊዜ አቤት ካለ በኋላ ላሜራ ተፈቀደና ጀልባ ይሠራ ተባለ። ሥራው የተሰጠው ጎባ ውስጥ በርና የብረት አልጋ ለሚበይደው ለሐሰን ነበር። ሐሰን ያኔ ጎልማሳ ነው፤ እጁ መልካም፣ አንደበቱ ቁጥብ። ጀልባ ያየው አንድ ጊዜ ዝዋይ ላይ ነው፤ እሱንም ከአውቶብስ መስኮት። አውቶብሱ ትንሽ ቀስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጀልባችን የበለጠ ያምር ነበር።

እኔ በዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። የበኩር ልጄ ሙሉነሽ አስተማሪ አግብታ ከወንዙ ማዶ ትኖር ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ባለቤቴ አስካለ ልጇን እንደምታርስ ምላለች፣ ገንፎውም ማሩም ቅቤውም ተቋጥሮ በር ሥር ተቀምጧል። ዝናቡ ከጀልባው ቀድሞ ከመጣ ግን ቋጠሮው እዚያው በር ሥር ይቀራል።

«ያ ጀልባ ዝናቡን ካልቀደመ ልጄ ብቻዋን ትወልዳለች» አለችኝ። ይህን ስትል ድምጿን አልቀየረችም። አስካለ ስትቆጣ አልፈራትም፤ ድምጿን ሳትቀይር ስትናገር ግን እፈራታለሁ።

ስለዚህ ማንም ሳይጠራኝ ሐሰን ግቢ ሄድኩ። ሥራውን የሚከታተለው ጓድ እዚያ ቆሞ ይህን ማን ይቀባዋል ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ሳያልቅ እኔ ብዬ መለስኩ። ጀልባ ቀብተህ ታውቃለህ ወይ አለኝ።

«ጓድ» አልኩት፣ «ጀልባ ማለት በጀርባው የተኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው።»

መልሱ ስለማረከው ይሁን ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ ሥራው የእኔ ሆነ። አንድ ባልዲ ገደማ አረንጓዴ፣ ትንሽ ነጭና አንድ ትንሽዬ ጣሳ አንቲረስት ተሰጠኝ። አንቲረስት ዝገት እንዳይበላው በባዶ ብረት ላይ በመጀመሪያ የሚቀባው ቡናማ ቀይ ቀለም ነው። በጀልባው ጎን ላይ የሚጻፍ መፈክርም በወረቀት ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበት መጣልኝ።

አላዋቂ ቀቢ ቀጥታ ቀለም ውስጥ ብሩሹን ይነክራል። እኔ ግን ብረት እንደ ሰው ነው፣ ሳይታጠብ አዲስ ልብስ አይለብስም እላለሁ። ላሜራው ስንት ወር ሜዳ ላይ ከርሞ ዝገት ጠግቧል። ጀልባውን በበርሜሎች ላይ ገልብጠን፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ቀን ሙሉ ፋቅኩት። በሦስተኛው ቀን እንደ መስታወት አበራ። ከሮቤ ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጥምጥማቸውን ያስተካከሉት በጀልባዬ ሆድ አይተው ነው። ከዚያ ሥራዬን ላሳምር ብዬ እንደ ፈረስ በውሃና በሳሙና አጥቤው፣ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ስመጣ ጀልባው ከጫፍ እስከ ጫፍ በርበሬ መስሏል።  ምቀኛ መጥቶ ቀይ ቀለም የደፋበት መሰለኝና፣ ማን ነው የቀባው ብዬ ሐሰን ላይ ጮህኩ። ሐሰን ብረቱን በጣቱ ነካ አደረገና ጣቱን አሳየኝ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «የቀባው የጎባ ጉም ነው። እርጥብ ብረት እዚህ አገር ራቁቱን አያድርም።»

እኔም ይህን አውቅ እንደነበር፣ እሱን ልፈትነው ብዬ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያም እንደገና ሦስት ቀን ፋቅኩ። በዚህኛው ዙር ውሃ የሚባል አላስነካሁትም፤ ማታ ማታም ከቤት ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ አምጥቼ ጀልባውን አለብሰው ጀመር። ጎባን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። አስካለ በነጠላ ተጠቅልላ አድራ ጠዋት ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰማኋት፤ ባሌ ሌላ አግብቷል፣ ብረት ናት፣ ሆዷም ሰፊ ነው ትላለች። ጎረቤቲቱ እስከ ዛሬ ስታየኝ ትስቃለች።

አሁን የምናገረውን ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ፍቂያ መጨረሻ ላይ፣ ከጀልባው ወለል፣ ብየዳው ከተጋጠመበት አጠገብ፣ የገብስ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አገኘሁ። ደግ ሰው ቢሆን ሐሰንን ይጠራል። እኔም ልጠራው ነበር። ነገር ግን እሳቱን ቢያነድበት ከመስታወቴ ክንድ የሚያህል ቦታ አጥቁሮ ሊያበላሽብኝ ነው። ደግሞም በዋዜማው ብየዳህ የዶሮ ኩስ ይመስላል ብዬው ነበርና፣ ዛሬ ሄጄ ና ብየድልኝ ማለት ከበደኝ። ኪሴ ውስጥ ለግድግዳ ስንጥቅ የምጠቀምበት ስቱኮ ነበረ። ከእሱ ቆንጥሬ ሞላሁባት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለዘብኳት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ቀዳዳዋ የት እንደነበረች ራሴም ጠፋኝ።

ወደ አንቲረስቱ ስመጣ ጣሳው ለጀልባው ሩብ እንኳ አይበቃም። አሰብኩ፣ አሰላሰልኩ። ሆዱ ውሃ ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል? ወለሉን ሰው ይረግጠዋል። ትንሽ ነገር ካለህ ትልቅ ቦታ ላይ አውለው ይላል የእኔ ተረት። ስለዚህ አንቲረስቱን በሙሉ፣ በጀልባው ፊት በኩል፣ እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ከስንዝር ሆኖ፣ ስሜን ጻፍኩበት። ሁለት ጊዜ ደራርቤ። ሌላ ቀቢ ስሙን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ ቀለም አልቆብኝ ያለ ስም የቀረ ሥራ ስላለኝ፣ ስሜን አስቀድማለሁ። ሌላውን ቀለም በፊደሎቹ ዙሪያ አዞራለሁ።

ስሙ በደረቀ ማግስት ባዶውን ብረት ቅባት እንዳይኖርበት ብዬ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ወለወልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ለግቢው ሰው ሁሉ ስሰብክ ሰንብቻለሁ፤ ቅባት የቀለም ጠላት ነው፣ የአንድ ጣት አሻራ እንኳ ቀለም ያስነሳል፣ ማንም እንዳይደገፈው። ሐሰን በገዛ ግቢው ጀልባውን በሩቁ እየዞረ ነበር የሚሄደው።

ብሩሼን ነክሬ ላነሳ ስል የሐሰን እናት አዴ ፋጤ ከቤት ወጡ። በአንድ እጃቸው ለምለም ሣር፣ በሌላው በቅል ቅቤ ይዘዋል። ወንዝ የሚገባ ነገር ሳይመረቅ አይሄድም፣ ቅቤ ያልነካው እንግዳ ውሃው አይቀበለውም አሉ። በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ሐሰን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋና በጆሮዬ፣ ቅቤው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ቢሆንስ ጋሼ፣ ልንገራት አለኝ። ልክ ነበር። እኔም ራሴን ልነቀንቅ አገጬን ከፍ አድርጌ ነበር።

አዴ ፋጤ ግን ጀልባውን ትተው እኔን አዩኝ። «ይህን እንዲህ ያበራ እጅ ያንተ ነው?» አሉኝ። «ና ልጄ፣ ከብረቱ በፊት አንተ ትመረቅ።»

ነገሩ ያለቀው እዚያ ጋ ነው። አመስጋኝ ባገኝ የማልሰጠው ነገር የለኝም። ኮፍያዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ፣ አናቴን ቀቡኝ። ከዚያም ወደ ጀልባው ዞረው በሣሩ እየነከሩ «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» ይሉ ጀመር፤ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። አንዱን ጎን ጨርሰው ሊያቆሙ ሲሉ፣ አዴ፣ ማዶው ጎንም ይድረሰው፣ ወለሉንም አይርሱት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቅሉ ባዶ ሆነ።

እሳቸው ሲገቡ ሐሰን ቅባት የቀለም ጠላት ነው ያልከው ምን ሆነ በሚል ዓይን አየኝ። የምርቃት ቅቤና የኩሽና ቅቤ አንድ አይደለም አልኩት። ምርቃት በቤንዚን አይታጠብም፤ አዴ ፋጤ በመስኮት እያዩ ደግሞ ጭራሽ አይታጠብም። በደረቅ ጆንያ ወለወልኩትና ተነሳሁ። በኋላ ሳስበው፣ በየቦታው ነጠብጣብ የነበረውን ቅቤ በጆንያው ለጀልባው ሙሉ በእኩል ያዳረስኩት ያን ጊዜ ነው። ሙያዬ ነው፣ እኔ ምንም ነገር ስቀባ አዳርሼ ነው።

አረንጓዴው እንደ ሐር ተንሸራቶ ተቀባ። ነጭ መቀነት አስታጠቅኩት፤ መፈክሩን በነጭ ጻፍኩ፤ በስሜ ዙሪያ በጥንቃቄ ዞርኩ። ግን አልደርቅ አለ። አምስት ቀን ጠበቅን። በስድስተኛው ላዩ ቆዳ አወጣ። ሐሰን በጣቱ ጫን ብሎ ጎማ ይመስላል ቢለኝ፣ ጥሩ ቀለም እንዲህ ነው፣ ይተነፍሳል አልኩት። ከቆላው በኩል ደግሞ ደመና መታየት ጀምሯል ስለተባለ ሌላ ቀን መጠበቅ አልተቻለም።

ጀልባው በጭነት መኪና ላይ ተጫነ። አስካለ ቋጠሮዋን ታቅፋ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔና ሐሰን ከኋላ ከጀልባው ጋር ሆንን። እኔ ለዚህ ጉዞ አዲስ ጫማ ገዝቼአለሁ፤ አያት የሚሆን ሰው በአሮጌ ጫማ አይሄድም። ሳነቴ አምባ ላይ ስንወጣ ብርዱ ጥርስ ያስቆጥራል። ቀለሙ ድንጋይ ሆነ። በጣቴ አንኳኳሁና፣ ስማ፣ ደወል ነው አልኩት ሐሰንን። እሱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር።

ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ስንወርድ ግን አየሩ እየሞቀ መጣ። ጋቢ አወለቅን፣ ቀጥሎ ኮት። ቀጥሎ አንድ ሽታ መጣ። የምሳ ሰዓት ስለነበረ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሐሰን አሸተተ፣ እንደገና አሸተተና ጀልባውን አየው።

«ጋሼ» አለ፣ «ቅቤው እየቀለጠ ነው።»

ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ አንገት ተጨማደደ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ፤ እንደ ካልሲ፣ ከላይ ወደ ታች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቅርንጫፎች ጎኑን ባበሱት ቁጥር አንድ አንድ ክንድ አረንጓዴ ይዘው ይቀራሉ። ነጩ መቀነት ሳይበጠስ ወልቆ አንድ የኮሶ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። መፈክሩ ቃል በቃል ተራገፈ። ሹፌሩ ለማየት ቆሞ ወረደ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በእጄ አየና፣ ጎባ ስመለስ መፈክሩ የት ደረሰ ብለው ቢጠይቁኝ ጫካ ገባ ልበል ወይ አለኝ። በዚያ ዘመን ጫካ የሚገባ ሰው ለምን እንደሚገባ ሁሉም ያውቃልና፣ ተወው፣ ዝም በል ብዬ ለመንኩት።

ደሎ መና አድረን በማግስቱ ወንዙ ዳር ደረስን። ጀልባው እናቱ እንደወለደችው ነው። ከጎባ ይዞት ከወጣው ቀለም የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባዶ ብረት ላይ፣ ቅቤ ሳይነካው በፊት፣ በአንቲረስት የተጻፈው። ስሜ። አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደለችውም። የመንደሩ ውሾች ሆዱን እየላሱ፣ ከላያቸው የእኔ ስም ክንድ ከስንዝር ሆኖ ያበራል።

የወንዙ ዳር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ያኔ መሠረተ ትምህርት የሁሉንም ዓይን ከፍቷልና፣ አንድ ጎልማሳ ቀረብ ብሎ በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ አነበበኝ። ሁለተኛው ደገመው። የጀልባዋ ስም ነው አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ጥሩ ስም ነው አሉ። እኔ ለማረም አፌን ከፈትኩና፣ ለምን ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

አስካለ ጊዜ አላባከነችም። ጀልባው ገና ግንዶች ላይ ተደላድሎ ሳለ ገብታ፣ ቋጠሮዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ አለች። የቀሚሷ ጠርዝ ላይ የገብስ ፍሬ የምታክል ብርሃን ተቀምጣለች። በእጇ ልትጠርጋት ሞከረች፤ ብርሃኗ እጇ ላይ ወጣች። ዓይኗን ከእጇ ወደ ወለሉ አወረደች። ስቱኮዬ ከቀለሙና ከቅቤው ጋር ተያይዞ፣ በመንገዱ ንውጥውጥታ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ወድቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

ሐሰን ዘሎ ገባ፣ ቀዳዳዋን አየ፣ ፊቱ ዳመነ። ብየዳው የእሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ እሱም ምናልባት መንገዱ ሰንጥቆት ይሆናል ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እኔም መንገዱ ነው ብል ማንም አይጠራጠረኝም ነበር። ስሜ ግን ፊት ለፊት ቆሞ ያየኛል።

«መንገዱ አይደለም» አልኩ። «ጎባ ሳለሁ አይቻታለሁ። በስቱኮ ደፈንኳት።»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። እንድትጮህ ጸለይኩ። ድምጿን ሳትቀይር፣ «ልጅህ እኮ ማዶ ናት» አለችኝ።

 ደመናው በደጋው በኩል ተከምሯል። መበየጃ የለ፣ መብራት የለ። ሐሰን ከጭነት መኪናው ጎን አንድ ብሎን ፈታ፤ ቀዳዳዋን በመሮ ለብሎኑ ልክ አሰፋት። አሁን ውሃ እንዳያስገባ ከብሎኑ ሥር የሚገባ ለስላሳ ቆዳ ያስፈልጋል አለ። እሱ ጫማዬን ሲያይ፣ ሹፌሩም አየ፣ አስካለም አየች። አዲሱ ጫማዬ ከማሰሪያው ሥር ምላስ የሚባል የሚያምር ቆዳ ነበረው። ምላሱን ራሴ ቆርጬ ሰጠሁ። አስካለ ቋጠሮዋን ፈትታ ለአራሷ ከያዘችው ቅቤ ቆንጥራ ሰጠችው፤ ሐሰን ቆዳውን በቅቤ አርሶ ብሎኑን አጠበቀው።

ጀልባው ውሃ ገባ። አልሰጠመም። አስካለ ግን ቀድማ አልገባችም፤ በእጇ ወደ ጀልባው አመለከተችኝና፣ ቅድሚያ ለባለስሙ አለችኝ። ገናሌ አዞ አለው። በዕድሜዬ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አውራ ጣቴን ብሎኑ ላይ ተክዬ፣ ሰዎቹ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረውን ገመድ እየሳቡ ሲያሻግሩን፣ እስከ ማዶ ድረስ አላነሳኋትም። አስካለ ተከትላኝ ገብታ ከፊቴ ተቀምጣ ጣቴን ስታይ ቆየች። መሐል ወንዝ ላይ ስንደርስ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ስትስቅ ነው።

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሙሉነሽ በአምስተኛው ቀን፣ እናቷ እጇን እንደያዘቻት፣ ሴት ልጅ ወለደች። አራሷን የማየት ተራዬ ሲደርስ ልጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ አባዬ፣ ጫማህ ምላሱ የት ሄደ?

ጀልባው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሠራ። ማንም ቀለም ቀብቶት አያውቅም። የወንዙ ዳር ሰዎች ዝናብ ሊገባ ሲል ሞራና ቅቤ ያሹታል፤ እንዲህ የሚደረገው በደጋ ሰው ጥበብ ነው እያሉ። ጥበቡን ማን እንደጀመረው ለሚጠይቀኝ፣ ረጋ ብዬ እኔ ነኝ እላለሁ። አዴ ፋጤ በሕይወት ሳሉ ግን ይህን የምለው እሳቸው በሌሉበት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጎባ ላይ ከአስካለ ጋር ስናልፍ፣ ከደሎ መና ማር ይዘው የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ስሜን እየጠሩ ሲያወሩ ሰማሁ። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። አንዱ፣ እሱ ዘንድሮ አርጅቷል፣ ብዙ ከጫኑበት ያዘነብላል አለ። ሌላው፣ ትንሽ ትንሽም ያፈሳል፣ ግን ክፉ አይደለም፣ እስካሁን ሰው አልጣለም አለ። አስካለ ክንዴን ያዘችኝ።

«እነዚህ ሰዎች» አለችኝ፣ «ከየት ነው እንዲህ አድርገው የሚያውቁህ?»

ስሜን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ማወቅ የፈለገ ገናሌ ድረስ ወርዶ ያንብበው፤ እስካሁን አልለቀቀም ይላሉ።